የሚጠቅሰው መብራት

«መኪናዋማ ጤነኛ ናት፤ የታመመው አባቴ ነው።»

ልጇ በስልክ እንዲህ ሲል ዝናሽ ከጓዳ ሆና ሰማችው። የቁርስ ዳቦ እየቆረጠች ነበር፤ ቢላዋው ዳቦው ውስጥ እንደገባ እጇ ደርቆ ቀረ። ወንድምአገኝ መኝታ ክፍሉን ዘግቶ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል፤ ዳሩ ግን ያ ስስ የጣውላ ግድግዳ እንኳን ቃል ትንፋሽም አያስቀር። «ቅዳሜ ጠዋት መጥተህ እያት። ፎርዊሏ? ይሠራል እንጂ! ኤሌትሪሺያን ፈትሿት ምንም የለባትም ብሏል። መብራቱ ይጠቅሳል እያለ ሰውን ከነጭነቱ ከመንገድ የሚመልሰው እሱ ነው። ዓይኑም ልቡም ደክሟል። አንድ ቀን ገደል ይዟት ሳይገባ መሸጡ ይሻላል።»

ዝናሽ አንገቷን አስግጋ ወደ ሳሎን አየች። ባሏ ማሩ ከበሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሊያስር ክሩን ይዟል። አያስረውም። ክሩን በሁለት ጣቱ እንደያዘ ወለሉን ያያል። እሱም ሰምቷል ማለት ነው። ዝናሽ ዳቦውን ቆርጣ ጨረሰች፤ ሻዩን ቀዳች፤ ሦስቱም ገበታ ቀረቡ። ወንድምአገኝ ቆሞ ሻዩን እያራገበ፣ የቢሮ መታወቂያው ደረቱ ላይ እየተወዛወዘ፣ ቀይ ሽንኩርት ደግሞ በዚህ ሳምንት ዋጋው እንደናረ አወራ። ማሩ «እህ» አለ። «አባባ፣ ደኅና ዋል» አለ ልጁ፣ እንደ ልማዱ የአባቱን ትከሻ ነካ አድርጎ። ያ መንካቱ ነው ዝናሽን ያበሳጫት። ክፉ ልጅ ቢሆን በቀለላት፤ ወንድምአገኝ ግን ክፉ አይደለም፤ አባቱን የሚወድ፣ ስለሚወደውም የሚፈራለት ልጅ ነው።

ማሩ ያችን ፒክአፕ ይዞ ከትክል ድንጋይ ገበያ ወደ ደጋው መንደሮች የሰዉን ጭነት ያመላልሳል። አስፋልቱን ከለቀቁ ወዲያ ያለው ጥርጊያ መንገድ በክረምት ጭቃ ነው፤ ያለ ፎርዊል አይሞከርም። ከመሪው ጀርባ፣ ከፍጥነት መቁጠሪያው ሥር፣ ትንሽ የመኪና ሥዕል አለች፤ አራት ጎማዎቿ በአረንጓዴ መብራት ይበራሉ። በሜዳ ሲነዳ የኋላዎቹ ሁለቱ ብቻ ይበራሉ፤ ዘንጉን ጎትቶ ፎርዊል ሲያስገባ የፊቶቹም ሁለቱ ይጨመራሉ። አራቱም ረግተው ከበሩ መኪናዋ በአራት እግሯ ተተክላለች ማለት ነው። የፊቶቹ የሚጠቅሱ ከሆነ ግን ገና አልያዘም፤ ሹፌር እንዲህ እየጠቀሰ ዳገት አይወጣም። ማሩ ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ዳገቱ ላይ ይጠቅሱብኛል ይላል። ጎንደር ጋራዥ ሲያደርሳት ደግሞ አራቱም ረግተው ይበራሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ነገሩ ከመኪናዋ ወደ እሱ የዞረው።

ልጁ ከወጣ በኋላ ዝናሽ ነጠላዋን ከሚስማሩ አወረደች። «ዛሬ አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው።

«ወዴት?»

«ትክል ድንጋይ። ነጭ ሽንኩርት እገዛለሁ።»

«ምነው፣ ነጭ ሽንኩርት እዚህ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የለም?»

«የዚያው ይሻላል።»

ማሩ ትክ ብሎ አያት። ወጣና የፊተኛውን መቀመጫ ያሰናዳ ጀመር፤ ገመዱን አነሳ፣ ጀሪካኑን ወደ ኋላ ወረወረ፣ የገቢናውን መስታወት በእጅጌው ወለወለ። ዝናሽ በዚያ መቀመጫ ላይ ከተቀመጠች ስንት ዘመኗ! የሚከፍል መንገደኛ እያለ የሹፌር ሚስት ገቢና ምን አላት። ገብታ ስትቀመጥ የሱ ሽታ፣ የናፍጣና የሳሙናው ሽታ፣ ተቀበላት፤ ውስጧ ትንሽ ተፍታታ።

መጀመሪያ ኤሌትሪሺያኑ ሐዲስ ዘንድ ሄዱ። ሐዲስ ከአንድ አይሱዙ ሥር ተንፏቆ ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰላም አላቸው። ጎልማሳ ነው፤ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። «አያ ማሩ፣ ደግሞ መጡ?» አለና ቁልፉን አዙሮ ዘንጉን ጎተተው። አራቱም በሩ። አስነስቶ ግቢውን አንዴ ዞረባት፤ አራቱም እንደ ቅዳሴ ጧፍ ረግተዋል። «ይኸው፣ እትየ ዝናሽ፣ ይመልከቱ። ይቺ መኪና እኔን ስታይ ትድናለች።» ማሩ ዓይኑን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆመ፤ ትከሻው ከጠዋቱ የበለጠ የወረደ መሰላት።

«ልጃችን ስለ መኪናዋ ጠይቆህ ነበር?» አለች ዝናሽ።

«ጠይቆኛል። ፈትሼ ምንም አላገኘሁም አልኩት።»

«እሱ ደግሞ ምንም የለባትም ብሏል ነው የሚለው።»

ሐዲስ ጨርቁን እጁ ላይ አጠነጠነ። ሳቁ ጠፋ። «እሱማ አንድ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «አላገኘሁም ሌላ፣ የለም ሌላ።»

«እንግዲያ ና አብረኸን ውጣ። ሐኪም ፊት ሲደርስ ትኩሳቱ የሚበርድለት በሽተኛ ስንት አለ! እንዲህ ያለውን ቤቱ ድረስ ሂዶ ማየት ነው።»

ሐዲስ ወደ አይሱዙው አየ፤ ወደ ማሩ ጀርባ አየ። ከዚያ ለአይሱዙው ባለቤት ከሰዓት ይደርሳል ብሎ ተናገረና የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከኋለኛው ወንበር ገባ።

ከጎንደር ወጥተው አስፋልቱን ሲይዙ ዝናሽ መንገዱን ሳይሆን ባሏን ነበር የምታየው። እጁ መሪው ላይ ሲያርፍ ሌላ ሰው ይሆናል። ቤት ውስጥ ብርጭቆ የሚያስጥለው ያ መዳፍ እዚህ ማርሽ ሲቀይር ድምፅ የለውም። አንገቱን ቀና አድርጎ ከንፈሩ ሳይከፈት የሆነ ዜማ ያንጎራጉራል። ከአንድ ኩርባ ላይ ግን እንጨት የጫነች አህያ በመንገዱ ዳር ስትመጣ ዝናሽ ከሩቅ አየቻት፤ ማሩ ፍሬኑን የረገጠው አህያዋ አጠገብ ሲደርስ ነው። «ኧረ አህያ!» አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። «አቧራ ነው።» ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አስፋልቱ እንደታጠበ ነው፤ የምን አቧራ! ዝናሽ ይህን ልትል ነበር፤ ከኋላ ሐዲስ አለ። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች።

ትክል ድንጋይ ገበያው ቆሟል። ማሩ መኪናዋን አቁሞ ሳይወርድ አንዲት ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ መጣችና በሩን መታችው። «አያ ማሩ! ዛሬስ ታደርሰኛለህ ወይስ እንዳለፈው ከዳገቱ ወገብ ላይ ትመልሰኛለህ?» ብርቱካን ትባላለች፤ ደጋ ላይ ቤት እየሠራች ነው፤ የጣሪያዋ ቆርቆሮ ባለፈው ገበያ ተጭኖ፣ ዳገቱ ላይ መብራቱ ሲጠቅስ ማሩ አዙሮ መልሶት፣ ሳምንቱን ሙሉ ከአንድ ነጋዴ ደጅ ተከምሮ ከርሟል። ቆርቆሮው ተጫነ። ብርቱካን ከሐዲስ ጎን ተቀመጠችና ከፊት ያለችውን ሴት መንገደኛ መስላት ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች።

«ሸጋ ሰው ነው እኮ፤ ክፋት የለበት። ግን ፈርቷል። እኔን በዝናብ ቤት አልባ አደረገኝ እኮ። ልጆቼን ሸራ ሥር ነው የማሳድራቸው።»

«ፈርቶ አይደለም» አለች ዝናሽ።

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ሚስቱ ነኝ።»

ብርቱካን አፏን በመዳፏ ያዘች። ማሩ ከመሪው ላይ ሆኖ ሳቁ አመለጠው፤ ሐዲስም ሳቀ፤ በኋላ ብርቱካን ራሷ ሳቀች፤ ጥርጊያ መንገዱን እንደያዙ መኪናዋ ውስጥ የነበረው ጭንቅ ለጊዜው ቀለለ።

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ማሩ አቆመና ዘንጉን ጎተተው። አራቱም በሩ። ዝናሽ ወደ እሱ ተጠግታ፣ ትከሻዋን ከትከሻው አስደግፋ፣ ያችን ትንሽ ሥዕል አፍጥጣ ታይ ጀመር። ጭቃው ከጎማው ሥር ይጮኻል፤ ቆርቆሮው ከኋላ ይንኳኳል፤ በቀኝ በኩል ገደሉ ሥር ወንዙ ይሰማል። አራቱም እንደበሩ ናቸው። እንደበሩ ናቸው። ምናልባት ልጇ ልክ ይሆን? ባሏ የሌለ ነገር እያየ ይሆን? ይህን ሐሳብ ከራሷ ልታባርር ስትታገል መንገዱ ወደ ገደሉ አዘነበለ፣ የግራ ጎማው ከአንድ ጉድጓድ ገባ፣ የፊቶቹ ሁለቱ መብራቶች ብልጭ ጥፍት፣ ብልጭ ጥፍት አሉ።

«አየሁት!» ብላ ጮኸች።

ማሩ መኪናዋን አቆመ። ወደ እሷ ዞረ። «ምን አየሽ?» አለ፤ ድምፁ ሰለለ።

«የፊቶቹ ሁለቱ ይጠቅሳሉ። ይኸው፣ አሁንም ይጠቅሳሉ።»

ሐዲስ ከኋላ በሁለቱ መሀል ራሱን አስገብቶ አየ። «እኔም አየሁ፣ አያ ማሩ» አለ ቀስ ብሎ። ማሩ ቆቡን አወለቀ። ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ፤ ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ወረደ፤ እዚያ ትንሽ ቆየ። ብርቱካን ነገሩ ባይገባትም «እሰይ» አለች።

ዳገቱ መሀል አንዲት ደልዳላ ቢጤ ቦታ ነበረች፤ ማሩ እዚያ አድርሶ አቆማት፤ መብራቱ መጥቀሱን አልተወም። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፉ። ሐዲስ ቦርሳውን ከፈተና፣ ለማሩ ሳይሆን ለዝናሽ ይመስል፣ እያስረዳ ይሠራ ጀመር። «አምፖሉ ቢሆን ጠፍቶ ይቀራል እንጂ ሁለቱም እኩል አይጠቅሱም። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የፊት ጎማዎቹ እውነትም አልያዙም፤ ወይ ይዘዋል፣ መያዛቸውን ለመብራቱ የሚነግረው ሽቦ ግን ይዋሻል። መጀመሪያ ጎማውን እንጠይቀው።» አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አነሳው። ጎማውን በሁለት እጁ፣ የወይፈን ቀንድ እንደሚይዝ ሰው፣ ይዞ ሊያዞረው ታገለ። ፍንክች አላለም። ማሩ ዘንጉን መለሰ፤ ጎማው ዞረ። እንደገና ጎተተ፤ ጎማው ደረቀ። «ይዟል!» አለ ሐዲስ። «ፎርዊሉ ደኅና ነው። የሚዋሸው ሽቦው ነው።»

ትርፍ ጎማውን ለጥንቃቄ ከሥር አስገብተው ሐዲስ ጀርባው ላይ ተኝቶ ገባ። ማሩ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ በስልኩ ያበራለታል። መብራቱን የሚያይ ሰው አስፈለገና ዝናሽ ከሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ መሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘች። ሐዲስ ከሥር እየነካካ ይጠይቃል። «አሁንስ?» «ይጠቅሳል።» «አሁን?» «ይጠቅሳል።» ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሽቦውን በሁለት ጣቱ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርገው፣ «ረጋ!» አለች። ለቀቀው። «ጠቀሰ!» ገፋው። «ረጋ!» ብርቱካን ከውጭ ሆና እንደ ጨዋታ ቃሉን ትደግመው ነበር።

ሐዲስ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲወጣ ቆርጦ ያወጣትን ቁራጭ ሽቦ ለማሩ በመዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ላዩ ምንም አልሆነም፤ ፕላስቲኩ ደኅና ነው፤ ውስጡ ግን መዳቡ ተበጥሷል። «ሜዳ ላይ ሁለቱ ጫፎች ይሳሳማሉ፤ ስለዚህ እኔ ጋ ደኅና ናት። እዚህ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሽቦው ይወጠርና ይለያያሉ። እኔ ሽቦውን በዓይኔ ብቻ አይቼ፣ ሳልጎትተው ነው ምንም አላገኘሁም ያልኩት።» አዲስ ሽቦ ቀጠለ፤ በፕላስተር አጥብቆ ጠቀለለ፤ ትንሽ አላልቶ አሰረው። ማሩ ዳገቱን ወጣ። አራቱም አረንጓዴዎች አንድም ጊዜ ሳይጠቅሱ፣ መኪናዋ ጭቃውን እየጎረሰች እየተፋች፣ ብርቱካን ደጃፍ ደረሰች። ግድግዳው ቆሞ፣ ወራጁ ተመትቶ፣ ጣሪያ ብቻ የሚጠብቅ ቤት ነው። ቆርቆሮው ሲወርድ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ብርቱካን ጠላ ልቅዳ ብላ ገና ስትነሳ ማሩ ሹፌር ነኝ ብሎ እምቢ አለ፤ እርጎ አቀረበችለት፤ ጨለጠው። ዝናሽ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ከርሞ ነበር፤ ሐዲስን ትከሻውን እየደበደበ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ የሽቦውን ታሪክ እየተረከ።

ሲመለሱ መሪውን ማሩ ያዘ። ቁልቁለቱ አንድ ቦታ ላይ ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ድንገት ፊት ለፊት መጣችባቸው። ዝናሽ እጇን ግንባሯ ላይ ጋረደች። መኪናዋ ቀስ አለች፤ ይበልጥ ቀስ አለች፤ ቆመች። ማሩ ሞተሩን አጠፋና ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አደረገ።

«ሐዲስ፣ አንተ ንዳት።»

«ምነው፣ አያ ማሩ?»

«አይታየኝም።» ፊት ለፊት እያየ ነው የሚናገረው። «ፀሐይ ስትመጣብኝ ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። ደመና ሲሆን፣ ቅርብ ሲሆን ደኅና ነኝ። ዳር ዳሩንም ዘግይቶ ነው የማየው። ከፋሲካ ወዲህ ነው።»

ዝናሽ ክንዱን ያዘች። አህያዋ ትዝ አለቻት፤ ከዚያ በፊትም ያላየቻቸው ስንት ነገሮች፣ ብርጭቆዎቹ፣ ደጃፍ ላይ ሰው ሲመጣ ድምፁን እስኪሰማ መጠበቁ። በዚህ ገደል ዳር፣ በዚህ ዓይን! «ለኔ እንኳ ምነው አልነገርከኝ?» አለችው።

«መብራቱን ሳያምኑኝ ዓይኔን ልነግራቸው? ይኸው፣ መብራቱም ዓይኑ ነው ሊሉ! ከዚያ ወዲያ የምናገረውን ሁሉ ማን ይሰማኛል?» አለና፣ «ዛሬ አየሁት ስትይኝ ግን...» ብሎ ተወው።

ወርዶ በመኪናዋ አፍንጫ ዞሮ ሲመጣ ዝናሽ ወደ መሀል ተጠጋችለት። ሐዲስ መሪውን ያዘ። የኋላው ወንበር ባዶውን ቀርቶ ሦስቱ ገቢና ላይ ተጣበው ጎንደር እስኪደርሱ ማሩ መንገዱን በቃሉ እየነገረ፣ «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ፣ እዚህ ጋ በግራ ያዝ» ይለው ነበር፤ አንዱንም አልሳተም። ነጭ ሽንኩርቱን ማንም አላስታወሰውም።

ወንድምአገኝ ማምሻውን ሲገባ ሐዲስ ገና ቤት ነበር፤ ራት ሳይበላ አይሄድም ብላ ዝናሽ ይዛዋለች። ቀኑን ሙሉ ለልጇ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ውላለች፤ ቃል በቃል፣ ከጠዋቱ ስልክ ጀምሮ። ማሩ ግን ቀደማት። ተናግሮ የማያውቅ ሰው ተናገረ። ሽቦውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና፣ «መብራቱ እውነትም ይጠቅስ ነበር፤ ይኸው፤ እናትህም ሐዲስም አይተዋል» አለ። ወንድምአገኝ ሽቦውን አነሳ፤ ጫፍና ጫፉን አየ። ሐዲስ «እኔ ነኝ በደንብ ሳላይ የነገርኩህ» አለው። ልጁ አንድ ቃል ሊናገር ሲል ማሩ እጁን አነሳ።

«አልጨረስኩም። ዓይኔም ጠዋት እንዳልከው ደክሟል። እሱም እውነት ነው። ነገ ፈቃድ ጠይቅና ሐኪም ቤት ውሰደኝ። እስክድን ድረስ አልነዳም፤ ሐዲስ የሚያውቀው ሹፌር ይይዝልኛል።»

ወንድምአገኝ ቁጭ አለ። ወለሉን ያያል፤ አንዴ አባቱን፣ አንዴ እናቱን ያያል። ጠዋት በስልክ ያለውን እንደሰሙት አሁን ገባው፤ ፊቱ ላይ ሲገባው ዝናሽ አየችው፤ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ስልኩን አወጣ። «ቅዳሜ አትምጣ፤ መኪናዋ አትሸጥም» አለ ላነሳው ሰው፤ ሌላ ምክንያት አልሰጠም። ከዚያ ሄዶ ማስታጠቢያውን አመጣ።

እጅ ማስታጠብ የሱ ሥራ ሆኖ አያውቅም። አባቱ ፊት በርከክ ብሎ ውኃውን ያንቆረቁር ጀመር፤ የማሩ ጣቶች መሀል የደረቀው ጭቃ እየራሰ፣ እየለቀቀ፣ ሳህኑ ውስጥ ወረደ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ስለነበር ዓይኑ አይታይም። ውኃው አለቀ፤ ወንድምአገኝ ማንቆርቆሪያውን አላቀናም፤ ባዶውን እንዳዘነበለ ቀረ።

ማሩ እርጥቡን እጁን ልጁ ራስ ላይ አሳረፈ።

«በቃ ልጄ» አለ። «ጠርቷል።»